ውድ የኮረንቲ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት

የሙዚቃ ድምፅ ያሳምራል የተባለለት የኮረንቲ ገመዴ የመጣው ከዱባይ ነው። አንድ ወዳጄ ሻንጣው ውስጥ በሹራብ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ውፍረቱ የአውራ ጣት ያህላል። ሰማያዊ ጥልፍልፍ ልባስ አለው፣ ጫፉ ላይ ወርቅማ ነገር ያብረቀርቃል። የከፈልኩት የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነው። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ነው የከበደኝ።

አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካሁትና ሙዚቃ ከፈትኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልዩነት ሰማሁ። ቤዙ ጠበቅ አለ፣ ክራሩ ቀረብ አለ። ለሁለት ሳምንት ቤቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ከቡናው በፊት ገመዱን አሳየሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁና «እኔ ፊቴን አዙሬ ልቀመጥ፣ አንተ አንዴ የድሮውን አንዴ አዲሱን እየሰካህ አሰማኝ» አልኩት። ሦስተኛው ዙር ላይ «ይሄ አዲሱ ነው! በደንብ ይታወቃል!» ብዬ ፎከርኩ። ልጁ አፈር እያለ «ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የድሮው ነው እኮ። የአዲሱ ስፒና ጠንክሮ አልገባ ብሎኝ ነው» አለኝ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በተማርኩት ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ደህና የሆነ የኮረንቲ ገመድ በውድ ገመድ ቢቀየር ድምፅ አይለወጥም። ቤታችሁ የሚገባው ኮረንቲ ግን ድምፃችሁን ሊያበላሽ ይችላል፣ በተለይ እንደኛ አዳማ ምሽት ላይ ቮልቴጁ ከወረደ። ስለዚህ ብራችሁን ይዛችሁ ቆዩና ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሞክሩ።

የሚያስፈልጋችሁ መልቲሜትር (የኮረንቲ መለኪያ፤ ርካሹም ይሆናል)፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ፣ ካቻቢቴ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ አንድ ሳንቲም፣ እንዲሁም የማይሰለች አንድ ሰው ነው። የመጨረሻውን ማግኘት ይከብዳል።

1. መጀመሪያ ገመዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ያለውን ገመድ ንቀሉና ልባሱ ላይ በትንንሹ የታተመውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ 3 × 0.75 ወይም 3 × 1 ይላል። ሦስቱ ሽቦዎቹ ናቸው፦ ፌዝ (ኮረንቲው የሚመጣበት)፣ ኒውትራል (የሚመለስበት) እና ግራውንድ (ለደኅንነት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው)። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የእያንዳንዱ መዳብ ስፋት በካሬ ሚሊሜትር ነው። ነገሩ ሌላ ሳይሆን የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገመድ ነው። መሰኪያው 10 አምፔር እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው 0.75 ገመድ፣ ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ 3 ሜትር መዳብ ማለት ነው። ተቃውሞው 0.07 ኦም ገደማ ይሆናል። አምፕሊፋየራችሁ ሳሎን ውስጥ ደህና አድርጎ እየጮኸ 110 ዋት ቢወስድ፣ በ220 ቮልት ግማሽ አምፔር ነው። ገመዱ ላይ የሚቀረው 0.035 ቮልት። ገመዱን እጥፍ ብታወፍሩት 0.0175 ይሆናል። የወር ኪራይ ከፍዬ ያተረፍኩት እንግዲህ ይህችን ነው፦ ከአንድ ቮልት መቶኛ ሁለት እንኳ የማይሞላ። «አምፕሊፋየር ኮረንቲ የሚወስደው በጉርሻ ነው» የሚል ቢመጣባችሁ እውነቱን ነው፤ በእኩል አይጠጣም። ግን ጉርሻው የአማካዩን አምስት እጥፍ ቢሆን እንኳ ትርፉ አንድ አሥረኛ ቮልት አይሞላም።

ደግሞ ሙዚቃው በዚህ ገመድ ውስጥ አያልፍም። የገባው የ50 ኸርዝ ኮረንቲ በትራንስፎርመር ይወርዳል፣ በዳዮድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ይደረጋል፣ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል። ስፒከሩን የሚነዳው የተጠራቀመው ነው። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡት። ሻወራችሁ የሚወርደው ከሮቶው ነው። የሮቶውን መሙያ ቱቦ በወርቅ ብትለብጡት ውሃው አይጣፍጥም። ሮቶው ባዶ ከሆነ ግን ሻወር የለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እንመጣበታለን።

አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ወጣ ብዬ ከከተማው ዳር ያሉትን የንፋስ ተርባይኖች አያለሁ። የመጀመሪያው ጣቢያ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። እዚሁ አጠገባችን እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ የውሃ ኃይል ማመንጫም አለ። የነዚህ ሁሉ ኮረንቲ ከሌላው ጋር አንድ መረብ ውስጥ ይቀላቀላል። ከዚያ ኪሎ ሜትሮችን በአሉሚኒየም ሽቦ ተጉዞ ሰፈራችን ትራንስፎርመር ይደርሳል፣ ከምሰሶ ምሰሶ ይዘላል፣ በቆጣሪ ያልፋል፣ ግድግዳችን ውስጥ ባለ ሽቦ ይመጣል። ሰማያዊው ገመዴ ሊያስተካክልልኝ የነበረው የመጨረሻውን ሜትር ተኩል ነው።

2. ቮልቴጁን ለአንድ ሳምንት መዝግቡ

መልቲሜትሩን ተለዋዋጭ (AC) ቮልት ላይ፣ ከፍተኛው መለኪያ (600 ወይም 750) ላይ አድርጉ። ቀዩ ሽቦ የቮልት ቀዳዳ ላይ መሆኑን ሁለቴ እዩ። የአምፔሩ ቀዳዳ ላይ ሆኖ ሶኬት ውስጥ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል። ሥራው የሚያስፈራችሁ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ ማፈር አያስፈልግም።

ጠዋት፣ ቀትርና ምሽት ለኩና ጻፉ። የኔ ቤት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ 218 ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 191። ልዩነቱ 27 ቮልት ነው። ገመዱ ካተረፈልኝ ጋር አወዳድሩት፤ ከ1,500 እጥፍ በላይ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ፣ ማለትም 16 አምፔር ይወስዳል። ከአምፕሊፋየሩ ጋር በአንድ መስመር ላይ ካለ፣ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር መብራቱ ሲደበዝዝ ታያላችሁ።

ይህ ድምፅ ላይ ምን ያደርጋል? ብዙው አምፕሊፋየር ውስጡ ያለው ቮልቴጅ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይወርዳል። ከ218 ወደ 191 ሲወርድ ከፍተኛ ጉልበቱ ሩብ ገደማ ይቀንሳል። በዴሲቤል (በድምፅ ከፍታ መለኪያ) ግን 1 ገደማ ብቻ ነው። ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰሙ ምንም አይታወቃችሁም። የሚታወቃችሁ ለሠርግና ለልደት ከፍ ስታደርጉት ነው፤ ከወትሮው ቀድሞ ይሰነጣጠቃል። ሮቶው ሳይሞላ ሻወር መክፈት ማለት ይሄ ነው።

ምሽት ላይ ሁሌም ከ200 በታች ከሆነባችሁ መፍትሔው ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ነው። አምፕሊፋየሩ ጀርባው ላይ 300 ዋት የሚል ከሆነ 1,000 ቮልት አምፔር የሚል ስታቢላይዘር በቂ ነው። ርካሾቹ በሪሌ (በራሱ በሚበራና በሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው የሚሠሩት፤ ቮልቴጅ በተቀያየረ ቁጥር «ቀጭ» ይላሉ። ያ «ቀጭ» አንዳንዴ በስፒከር ይመጣል። ሞተር ያለው ዓይነት ቀስ ብሎ ስለሚያስተካክል ለሙዚቃ ይሻላል። የትኛውንም ብትገዙ ከካሴት ዴክና ከሸክላ ማጫወቻ አርቁት፤ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ጉምጉምታ ያጋባል። ኢንቨርተር (ከባትሪ የቤት ኮረንቲ የሚያወጣ ዕቃ) የምትጠቀሙ ደግሞ ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚያወጣውን ምረጡ። ሌላው ዓይነት ትራንስፎርመሩን ያስጮኸዋል።

መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመለስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ፍሪጅ ይቅመሳቸው አልላችሁም፤ እሱንም ንቀሉት።

3. ሶኬቱንና ዲቫይደሩን ፈትሹ

አዳማ አቧራና ንፋስ እንደማያጣ ታውቃላችሁ። ሶኬት ውስጥም ይገባል። ስፒናው ሲሰካ ልል ካለ፣ ነካ ሲያደርጉት ድምፁ ቋ ቋ ካለ፣ ወይም ሶኬቱ ጠቁሮ ካያችሁ ጥፋቱን አግኝታችኋል። ብሬከሩን አጥፉና፣ በመልቲሜትር መጥፋቱን አረጋግጡና፣ ከጀርባ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ አጥብቁ። ያረጀ ሶኬት አይጠገንም፣ ይቀየራል።

ዲቫይደር ላይ ስስት አያዋጣም። ርካሹን ከፍታችሁ ብታዩት ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሳ ቆርቆሮ ነው። ሁለት ጊዜ ከነቀላችሁት ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ስፒናውን አይጨብጥም። አንድ ደህና ዲቫይደር ገዝታችሁ ለሙዚቃው ብቻ አድርጉት። ካውያና ፍሪጅ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። አቅሙ ካላችሁ ኤሌክትሪሺያን ከብሬከሩ ለሳሎኑ ሶኬት የራሱን 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መስመር ይዘርጋላችሁ። ከምጣዱ የሚገላግላችሁ እሱ ነው።

ሰማያዊው ገመዴ በነገራችን ላይ ከክብደቱ የተነሳ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን መሰኪያ እያዘነበለው ነበር። ከታች መጽሐፍ ደግፌ ነው ያቆየሁት። ይህን ለእንግዶቹ አላሳየሁም።

4. እምምም የሚለውን አድኑ

ሰው «ኮረንቲው ቆሻሻ ነው» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ሰምቶ ነው። ገመድ ሻጩም የሚይዛችሁ እዚህ ላይ ነው። ቀስ ብለን እንሂድ።

ሙዚቃውን አቁሙና ጆሯችሁን አስጠጉ። የሚጮኸው አምፕሊፋየሩ ሳጥን ነው ወይስ ስፒከሩ? ሳጥኑ ከሆነ ትራንስፎርመሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። በስፒከር እስካልመጣ ድረስ ሙዚቃውን አይነካም። የኔ አምፕሊፋየር በቀን አንዴ ብቻ ያጉረመርም ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ወር ፈጀብኝ፦ ባለቤቴ ፀጉር ማድረቂያዋን ዝቅተኛው ላይ ስታደርገው ነው። ብዙ ማድረቂያ ዝቅ የሚለው በዳዮድ የኮረንቲውን ግማሽ እየቆረጠ ነው፤ ክብ ትራንስፎርመር ደግሞ ይህን አይወድም። ማድረቂያው ሲጠፋ እሱም ዝም ይላል። የተጠገነው በገመድ ሳይሆን በትዳር ስምምነት ነው።

ከስፒከሩ ከሆነ አምፕሊፋየሩን አጥፉና ከጀርባው ያሉትን ሙዚቃ የሚያስገቡ ቀይና ነጭ ገመዶች በሙሉ ንቀሉ። እንደገና ክፈቱት። ጉምጉምታው አሁንም ካለ ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው፤ ያረጀ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል። ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ከኮረንቲ ተነቅሎም ቻርጅ ይዞ ይቆያል። ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት።

ጸጥ ካለ ግን ደስ ይበላችሁ። አምፕሊፋየሩን እያጠፋችሁ ገመዶቹን አንድ በአንድ መልሱ። አንዱን ስትሰኩ እምምም ይመጣል። በኔ ቤት ወንጀለኛው የዲሽ ሪሲቨሩ ነበር። ከጣሪያ የሚወርደውን የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ስነቅለው ድምፁ ቀጥ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አምፕሊፋየሩ በአንድ መንገድ ከመሬት ጋር ይገናኛል፣ ዲሹ በሌላ መንገድ። በሁለቱ መካከል ትንሽ ኮረንቲ በቀይና ነጩ ገመድ ልባስ ላይ ትዞራለች። አምፕሊፋየሩ ከሙዚቃው ለይቶ አያውቃትም፣ አብሮ ያጎላታል። ይህን ዙር የትኛውም ውድ የኮረንቲ ገመድ አይቆርጠውም፤ የሱም የግራውንድ ሽቦ እንደማንኛውም ገመድ ያገናኛልና።

የሚቆርጠው ይሄ ነው። ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስቡ። ካልበቃ፣ የመኪና ቴፕ የሚገጥሙ ሱቆች ዘንድ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ነገር አለ፤ ቀይና ነጩ ገመድ መሃል ይገባል። ከላፕቶፕ የምታጫውቱ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩት። ጩኸቱ ከጠፋ ቻርጀሩ ነው።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። የግራውንዱን እግር ቆርጦ ወይም በናስትሮ ሸፍኖ መሰካት ጩኸቱን ሊያጠፋ ይችላል። አንድ ቀን ፌዙ ውስጥ ለውስጥ ሳጥኑን ከነካ ግን ግራውንዱ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ።

ግራውንድ ካነሳን፣ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ሁሉ ግራውንድ አለው ማለት አይደለም። ከጀርባው ምንም ያልታሰረበት ሞልቷል። በፌዙና በግራውንዱ መካከል ለኩ። ከፌዝና ኒውትራሉ ጋር ተቀራራቢ ካልሆነ የለም ማለት ነው። የላፕቶፕ ብረት ሲነዝራችሁ የኖረው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሺያን መሬት ውስጥ ብረት ተክሎ ያሰራላችሁ። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ የብረቱ ጥቅም ይቀንሳልና አልፎ አልፎ ውሃ አፍሱበት።

ሁለት እግር ብቻ ያለው ስፒና ላይ ነፃ የሆነ ሙከራ አለ። ዲቪዲ ማጫወቻዬን ከሌላው ሁሉ ነጥዬ፣ በቀይና ነጭ መሰኪያው ብረትና በግራውንዱ መካከል ስለካ 84 ቮልት አሳየኝ። ስፒናውን ገልብጬ ስሰካው 41። የሚፈሰው ኮረንቲ እጅግ ትንሽ ነው፣ ግን ዝቅ ያለው አቅጣጫ ጉምጉምታን ይቀንሳል። በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።

5. ሬዲዮው ቆሻሻውን ያሳያችሁ

የባትሪውን ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ (AM) ላይ አድርጉና ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁሙት። ቤት ውስጥ እየዞራችሁ ከአምፖሎች፣ ከስልክ ቻርጀሮችና ከሪሲቨሩ አዳፕተር አጠገብ ያዙት። ዝዝዝ የሚለው ሲጨምር ረባሹን አገኛችሁ። እኔ ያገኘሁት አንድ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ርካሽ ቻርጀር ነበር። ስነቅለው ሬዲዮው ተነፈሰ። ከአምፕሊፋየሩ ግን የተለየ ነገር አልሰማሁም፤ ካፓሲተሮቹና ማጣሪያው ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። ለሬዲዮ ማዳመጥ ግን ጠቅሞኛል።

6. ገመዱ ሳይታይ ተፈተኑ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም «አይ፣ እኔ ልዩነቱን እሰማለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ውሸታሞች አላልኳችሁም፤ እኔም ሰምቻለሁ። ጆሮ ብቻውን አይሰማም፣ ዋጋውን የሚያውቀው ጭንቅላት አብሮት ይሰማል። ስለዚህ ጭንቅላቱን የሚያሳውር ፈተና አዘጋጁ።

አንድ ገመድ ቀያሪ ይኑር። እናንተ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ተቀመጡ፤ ፊቱንም እንዳታዩ። ቀያሪው በየዙሩ ዘውድና ጎፈር ይጣል፦ ዘውድ የድሮው፣ ጎፈር አዲሱ። ውጤቱን በወረቀት ይጻፍ። ያው ገመድ ቢደገም እንኳ ነቅሎ መልሶ ይሰካ፣ አለዚያ ከኮሽታው ታውቃላችሁ። የድምፅ መጠኑን ማንም አይንካ። በየዙሩ ያንኑ ሠላሳ ሴኮንድ ሙዚቃ ስሙ፤ ማሲንቆ ወይም የሰው ድምፅ ጥሩ ነው። በየዙሩ መሃል ያለው ቆይታም እኩል ይሁን። ጆሮ ጥቃቅን ነገር የሚያስታውሰው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ ቀያሪው ፈጣን ቢሆን ይመረጣል። አዎ፣ ይህ የፈተናው ድክመት ነው። ግን «ሌሊትና ቀን ነው» የተባለ ልዩነት አንድ ደቂቃ መቆየት ነበረበት።

አሥር ዙር አድርጉ። በግምት ብቻ 9 ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት ከመቶ አንድ ጊዜ ገደማ ይደርሳል። 8 ወይም ከዚያ በላይ ግን ከ18 አንድ ጊዜ። አምስት ጓደኛሞች ተሰብስባችሁ አንዱ 8 ቢያገኝ ወርቅ ጆሮ ነው ብላችሁ አትሸልሙት፤ በነጋታው ድገሙለት። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ አፍቃሪዎች ተሰብስበው በጣም ውድ የሆነ የኮረንቲ ገመድን ከተራው ጋር በዚህ ዓይነት ፈትነው ነበር። ከ149 ምላሽ ትክክል የሆነው 73 ነው። እኔ ከአሥር 4 አገኘሁ። ሳንቲሙ ራሱ ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

7. ገመድ መቀየር ያለበት መቼ ነው

ልባሱ ከተሰነጠቀ፣ አይጥ ከቀመሰው፣ ስፒናው ከሞቀ፣ ሲነቀንቁት ዕቃው ከጠፋ፣ ወይም የግራውንድ እግሩ ከተሰበረ ዛሬውኑ ቀይሩት። በጣም ቀጭንና ረጅም ገመድ በትልቅ አምፕሊፋየር ላይ ከሆነም እንዲሁ። ሱቅ ስትሄዱ 3 × 1 ወይም 3 × 1.5 በሉ፣ ከሜትር ተኩል አይብለጥ። ጽሑፉ የሌለበትን አትግዙ።

በሜትር የሚሸጥ ከሆነ ጫፉ ላይ አንዱን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት ከያዘው ደግሞ ብረት ነው። መዳብ ሲፋቅም ቀይ ነው፣ ሲያዝም ከበድ ይላል። ባለሱቁ ሊቆጣ ይችላል። ሽቦውን ሳያስፈትሽ የሚሸጥ ከሆነ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም።

ሰማያዊውን ገመድ የጎረቤቴ ልጅ ለኮምፒውተሩ ወስዶታል። ስፒናው አሁንም ይጠነክራል ይላል።